የእርጅና ትምህርት ለወጣት ምን ይረባዋል?

ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የምንጨርስ ተማሪዎች ሁሉ ከዘመድም ከጎረቤትም ሳናቋርጥ የምንጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም «ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምን ልትማር አስበሃል?» የሚል ነው። ሕክምና፥ ምህንድስና፥ ሕግ፥ እርሻ ብሎ የመለሰ ይመረቃል። እኔ ግን «ፈተናው ከፈቀደልኝ ጤና እማራለሁ፤ ከጎኑ ደግሞ ስለ እርጅና ባጠና ደስ ይለኛል» ብዬ ስመልስ ምርቃቱ ቀርቶ ሳቅ ይከተላል። አንድ የክፍል ጓደኛዬማ «ገና ጢምህ ሳይበቅል ሽበት ፍለጋ ወጣህ እንዴ?» ሲል አሹፎብኛል። ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን መልስ የሚገባው ስለ መሰለኝ ይህችን ጽሑፍ ለመጽሔታችን አቅርቤአለሁ። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጻፍኩትን እ.ኤ.አ. እያልኩ ለይቼዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ቃል ልበል። የእርጅና ጥናት በውጭ አገር ቋንቋ «ጄሮንቶሎጂ» ይባላል፤ ሥሩ ግሪክኛ ሆኖ ሽማግሌ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1903 ያወጣለት ኢልያ ሜችኒኮቭ የተባለው የሩሲያ ተወላጅ ሊቅ ነው። ይህ ሰው በፓሪስ በፓስተር ተቋም ይሠራ ነበር፤ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል በመመርመሩም እ.ኤ.አ. በ1908 የኖቤልን ሽልማት ከሌላ ሊቅ ጋር ተካፍሏል። ስለ እርጅና የነበረው አሳብ ደግሞ በአንጀት ውስጥ የሚራቡ ጎጂ ተሕዋስያን ሰውነትን ቀስ በቀስ ይመርዙታል የሚል በመሆኑ፥ ዕድሜ ለማርዘም እርጎ መጠጣትን ይመክር ነበር። የሊሙና የጎማ ሰው እርጎ ለመጠጣት የፓሪስን ምክር እንዳልጠበቀ አንባቢ ያውቀዋል! አሳቡም በተባለው መጠን አልተረጋገጠም፤ ስሙ ግን ጸንቶ ቀረ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በኒውዮርክ ይሠራ የነበረ ኢግናትስ ናሸር የተባለ ሐኪም የአረጋውያንን ሕክምና «ጄሪያትሪክስ» ብሎ ሰየመው። ስለ እርሱ ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። ገና ተማሪ ሳለ ከመምህሩ ጋር የድኾች መጦሪያ ሲጎበኝ አንዲት አሮጊት ቀርበው ሕመማቸውን ይናገራሉ። ተማሪው ምን እንዳመማቸው ቢጠይቅ መምህሩ እርጅና ነው ይለዋል። ታዲያ ምን ይደረግላቸዋል? ቢል፥ ምንም፥ የሚል መልስ አገኘ። ናሸር ግን ሕፃንነት በሽታ እንዳልሆነ ሁሉ እርጅናም በሽታ አይደለም፤ ሕፃናት የራሳቸው ሐኪም ካላቸው አረጋውያንስ ስለ ምን አይኖራቸውም? ብሎ ተነሣ።

እኔም ይህን ትምህርት የወደድኩት በዚያች በሁለት ቃል መልስ ምክንያት ነው። «እርጅና ነው» የሚለው አነጋገር በኒውዮርክ ብቻ የቀረ አይደለም። አያቴ የሚኖሩት በአጋሮ አቅራቢያ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና ሲለቅሙ ኖረዋል፤ ለቀማ ስል ከዛፍ መልቀሙን ብቻ ሳይሆን፥ የደረቀውን ቡና በሰፌድ አድርጎ ጥቁሩን፥ የተሰበረውንና በተባይ የተበሳውን ከደኅናው መለየቱንም ማለቴ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን መለየት አቃታቸው፤ «ጭስ የተጋረደብኝ ይመስለኛል» ይሉ ነበር። ለምርመራ በተወሰዱበት ስፍራ ያገኙት ባለሙያ ዐይናቸውን በመብራት እንኳ ሳይመለከት «እማማ፥ እርጅና ነው፤ ምን ያደርጉታል» ብሎ ሸኛቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው እጅ እየተመሩ ኖሩ። በኋላ ለዐይን ሞራ ሕክምና ዘመቻ የመጡ ሐኪሞች አዩአቸውና ሞራውን ገፈፉላቸው፤ በማግሥቱ ፋሻው ሲነሣ በመጀመሪያ የተናገሩት ስለ እኔ ቁመት ነበር። የእርጅና ሳይሆን የሞራ ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

የዐይን ሞራ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ላስረዳ። በዐይናችን ብሌን በስተኋላ እንደ መስተዋት የጠራ ሌንስ አለ። ይህ ሌንስ በአብዛኛው ከፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ፕሮቲኑ እየተጓጎለ ይደፈርሳል። የእንቁላል ነጩ ክፍል እሳት ሲነካው እንዴት እንደሚነጣ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስገባል፤ ሥራው ሕመምተኛው ሳይተኛ፥ ዐይኑ ብቻ ደንዝዞ፥ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያልቃል። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ የዐይን ጥናት ከመቶ ሰው 1.6 ያህሉ ዐይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፥ ከዐይነ ስውራኑ ግማሽ የሚሆኑት በሞራ ምክንያት የታወሩ ነበሩ። እንግዲህ ከሁለት ዐይነ ስውራን አንዱ ሊታከም በሚችል ነገር ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ይህን ስል እርጅና የሚባል ነገር የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ሥራውንም ይሠራል። ከአርባ ዓመት በኋላ የዐይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ወላጆቻችን ጋዜጣውን ከፊታቸው እያራቁ ሲያነቡ እናያለን፤ ይህ በሽታ ሳይሆን በመነጽር የሚታረም የዕድሜ ለውጥ ነው። ጆሮም እንዲሁ ነው። በእርጅና ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ በመሆኑ፥ ከቤተሰቡ ሁሉ አስቀድሞ የማይሰማው የሕፃኑ የልጅ ልጅ ድምፅ ነው። ስለዚህ ለአረጋዊ መጮህ ብዙ አይረዳም፤ ጩኸት ድምፅን የባሰ ያቀጥነዋልና። ፊት ለፊት ሆኖ፥ ድምፅን ወፈር አድርጎ፥ ቀስ ብሎ መናገር ይሻላል። (ይህን ካነበብኩ ወዲህ በቤታችን ሞክሬው ሠርቶልኛል።) የጥማት ስሜትም ይቀንሳል፤ አረጋዊው ውኃ ሳይጠማው ሰውነቱ ሊደርቅ ይችላል። ኩላሊትም ስለሚዘገይ ለጎልማሳ የታዘዘው የመድኃኒት መጠን ለሰባ ዓመት ሰው ሊበዛበት ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር የዕድሜን ለውጥ ከበሽታው መለየት ነው። የሰው ስም ፈልጎ ማጣት ከዕድሜ ጋር ይመጣል፤ የገዛ ቤትን መንገድ መሳት ግን በሽታ ነው፤ ሐኪሞች ዴሜንሺያ ይሉታል። እኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል «ጃጁ» ብለን እናልፋቸዋለን። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ባዋለው በ11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ «እርጅና» የሚለውን ቃል ሊያገባ አስቦ፥ ከብዙ አገር ሊቃውንት ተቃውሞ ስለ ተነሣበት ቃሉን አውጥቶ በሌላ ተክቶታል። ተቃዋሚዎቹ የፈሩት ሐኪሙ እርጅና ብሎ ጽፎ ምርመራውን እንዳይተወው ነው። አያቴን የገጠማቸው ይኸው አልነበረምን?

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በአማርኛ «አረጀ» ለሰውም ለልብስም ለድስትም ይነገራል፤ «ሸመገለ» ግን ለሰው ብቻ ነው። ሽምግልና ዕድሜም ነው፥ ሥራም ነው፤ የተጣላን ማስታረቅ፥ ሙሽራ መጠየቅ፥ ደም ማድረቅ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። በአካባቢያችን በኦሮምኛም «ጃርሳ» ማለት ሽማግሌ ሲሆን «ጃርሱማ» ማለት ዕርቅ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች አንዱን አሳብ በአንድ መንገድ ማሰባቸው ያስደንቀኛል። ነገር ግን ይህ ክብር ለወንዱ ነው። አሮጊት ከሚለው ቃል ምን ሥራ ወጣለት? ቡናውን የሚለቅሙት፥ አቦሉን የሚቀዱት፥ እናታቸው ዐረብ አገር የሄደችባቸውን ሕፃናት የሚያሳድጉት በአመዛኙ ሴት አያቶች ሆነው ሳለ ቋንቋችን የማዕረግ ስም አላወጣላቸውም። በእኔ አስተያየት ይህ ራሱ አንድ የጥናት ርእስ ይወጣዋል።

ወደ ሌላው ነገር ልለፍ። እርጅናን የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የሰውዬው ዕድሜ ነው፤ በእኛ አገር ግን ይህ ቀላል አይደለም። የልደት፥ የሞት፥ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በሥራ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዛሬ አረጋውያን የልደት ወረቀት የላቸውም። ዕድሜዎ ስንት ነው ተብለው ሲጠየቁ ስድሳ፥ ሰባ፥ ሰማንያ ይላሉ፤ ስድሳ ሦስት ወይም ሰባ ስምንት የሚል ጥቂት ነው። የሕዝብ ቆጠራ ሊቃውንት ይህን ያውቁታል፤ በዜሮና በአምስት በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ ሰው ሲከማች ሲያዩ ዕድሜው በግምት እንደ ተነገረ ይረዳሉ።

በ2005 ዓ.ም. አቶ ደቃቦ ኤባ የተባሉ የኦሮሚያ ገበሬ 160 ዓመት እንደ ሞላቸው ለቴሌቪዥን ተናግረው ወሬያቸው በዓለም ተሰምቶ ነበር። የዐድዋን ዘመን የጣልያን ጦርነት አስታውሳለሁ ይሉ ነበር። ማስረጃ ግን አልነበራቸውም። በጽሑፍ ማስረጃ ከተረጋገጡት ሁሉ ረጅሙን ዕድሜ የኖሩት የፈረንሳይዋ ዣን ካልማን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1875 ተወልደው በ1997 በ122 ዓመት ከ164 ቀን ዐርፈዋል። አቶ ደቃቦን ዋሹ ለማለት አልደፍርም፤ ወረቀት በሌለበት አገር ግን ረጅም ዕድሜና ረጅም ግምት አይለዩም።

ታዲያ ዕድሜ እንዴት ይገኛል? በታሪክ ነው። ጠያቂው «ጣልያን ሲገባ ተወልደው ነበር?» ይላል፤ ይህ 1928 ዓ.ም. ነው። «ጣልያን ሲወጣስ እየሄዱ ነበር ወይስ ይታዘሉ ነበር?» ይህ 1933 ነው። ቀጥሎ «ንጉሡ ሲወርዱ ስንት ልጅ ነበረዎት?» ይላል፤ ይህም 1967 ነው። በዚያው ዓመት የወጣውን የመሬት ዐዋጅ የገጠር ሰው ከማንኛውም ቀን ይልቅ ያስታውሰዋል። እኔ በሰፈራችን ሦስት አዛውንት በዚህ ዓይነት ጠይቄ ነበር፤ አንዱ «ሰባ» ያሉኝ ሰው ጣልያን ሲወጣ የጦር መሣሪያ ድምፅ ሰምተው እናታቸው ጉያ መደበቃቸውን ስለሚያስታውሱ ከሰማንያ አምስት በላይ ሆነው ተገኙ። እርሳቸው ግን ደስ አላላቸውም! «ሰባው ይሻለኛል» ብለውኛል።

አሁን ወደ ጅማ ልምጣ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የተቋቋመው የእርሻ ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ተቋም ተዋሕደው እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተ መሆኑ የታወቀ ነው። የዚህ ዩኒቨርሲቲ ልዩ ጠባይ ተማሪዎቹን ከክፍል አውጥቶ ወደ ሕዝቡ መላኩ ነው። የሕክምና፥ የነርስ፥ የፋርማሲና የላቦራቶሪ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው እንደ አጋሮ፥ ሰርቦ፥ አሰንዳቦና ሸቤ ወዳሉት ጤና ጣቢያዎች ይወጣሉ፤ ቤት ለቤት እየዞሩም ይጠይቃሉ። እኛ የነዚህ ከተሞች ልጆች ነጭ ጋዋን የለበሱትን ተማሪዎች እያየን አድገናል። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በግልገል ግቤ ግድብ አካባቢ ባሉ ቀበሌዎች ዩኒቨርሲቲው ልደትን፥ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ኖሯል። ሰው ሲሞትም በቤተሰቡ ዘንድ ተሂዶ በምን እንደ ታመመ፥ ሳል ነበረው ወይ፥ እግሩ አብጦ ነበር ወይ እየተባለ ይጠየቃል። በዚህ መጠይቅ ፊት «አርጅቶ ነው የሞተው» ማለት መልስ አይሆንም፤ ጥያቄው ይቀጥላል። ለእርጅና ጥናት ከዚህ የተሻለ በር የት ይገኛል?

የጤናውን ነገር አበዛሁት፤ ጉዳዩ ግን የሐኪም ብቻ አይደለም። ቡና ገበሬን እንውሰድ። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ ያገኘው በ1953 እና በ1955 ዓ.ም. ነው፤ የግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. ተጨመረ፤ መውጫው ዕድሜ 60 ነው። ገበሬው ግን በነዚህ ሕጎች አልታቀፈም። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት ስለማይሸጥ መሬቱን ሸጦ በገንዘቡ መጦርም አይችልም፤ ለልጆቹ ያስተላልፈዋል እንጂ። እንግዲህ የገበሬው ጡረታ ልጆቹና የቡና ዛፎቹ ናቸው።

ዛፎቹም ያረጃሉ። ያረጀ ቡና ከመሬት ሠላሳ እስከ አርባ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ተብሎ፥ ውኃ እንዳይቋጥር በሰያፍ ሲጎነደል አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና ያፈራል። የእርሻ ባለሙያ ጎንድሉ እያለ ይመክራል። ነገር ግን አንድ የማውቃቸው አዛውንት «ዛፉስ ሦስት ዓመት ይቆይ፤ እኔን ማን ያቆየኛል?» ብለው እምቢ አሉ። ባለሙያው ግትር ናቸው አለ። እኔ እንደማስበው ግን ሽማግሌው ሒሳባቸውን በሚገባ አውቀዋል፤ የሦስት ዓመት ምርት ማጣት ለሠላሳ ዓመት ጎልማሳና ለሰባ አምስት ዓመት አዛውንት እኩል አይደለም። ማሳውን ከፋፍሎ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂቱን መጎንደል ይቻል ነበር፤ ይህን ለመምከር ደግሞ ስለ ቡናም ስለ እርጅናም ማወቅ ያስፈልጋል።

እርጅናን ማጥናት ከሌላ ትምህርት ጎን ቢሆን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዩኒቨርሲቲ ቋንቋ ዋናው ትምህርት ሜጀር፥ ከጎኑ የሚያዘው ማይነር ይባላል። በአሜሪካ ይህ የተለመደ ነው፤ በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ለእርጅና ጥናት ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ከፍቷል፤ በሌሎችም ብዙ ኮሌጆች የማንኛውም ሙያ ተማሪ አምስት ወይም ስድስት ኮርስ ወስዶ ማይነሩን ይይዛል። የሰውነት እርጅና፥ የአእምሮና የጠባይ ለውጥ፥ ጡረታና ሕግ ይማራል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከአረጋውያን ዘንድ ሄዶ መሥራት አለበት። መሐንዲሱ ደረጃ የሌለው በር ይሠራል፤ የሕግ ሰው የውርስን ክርክር ይረዳል፤ አስተማሪም ቢሆን አያቱ ያሳደገችው ተማሪ ለምን እንደሚያረፍድ ይገባዋል።

ቁጥሩም ትንሽ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአገራችን ሕዝብ ስድሳ ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ከመቶ አምስት ያህል ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ አገራችን የወጣት አገር ናት፥ ስለ አረጋውያን ምን አስቸኮለን ይላል። ዛሬ ግን የሕዝባችን ቁጥር ከ120 ሚሊዮን በላይ ስለ ሆነ፥ ያው ከመቶ አምስት እንኳ ቢሆን ከስድስት ሚሊዮን ሰው ይበልጣል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ያዝዛል። በአዲስ አበባ እንደ መቄዶንያ ያለው መርጃ ጎዳና የወደቁትን አንሥቶ ያኖራል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን አብዛኛው አረጋዊ ጎዳና ላይ ሳይሆን በቤቱ፥ ከእኛው ጋር ነው ያለው። እርሱን የሚያጠናና የሚረዳ ባለሙያ ነው የምፈልገው።

ይህን አሳብ የወደደ ጓደኛ ቢኖር መንገዱ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ሁላችንም ሥነ ልቡናና ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂ እንማራለን፤ ስለ ዕድሜ የሚያነሡትን ምዕራፍ ሳይዘሉ ማንበብ ነው። የትምህርት ክፍል ከተመደብን በኋላም ምርጫ በተፈቀደበት ሁሉ ለጉዳዩ የሚቀርበውን ኮርስ መያዝ ይቻላል። በመጨረሻም ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ስለሚጻፍ ርእሱን መምረጥ የተማሪው ፈንታ ነው። እኔ ከአሁኑ በደብተሬ ጀርባ አንድ ርእስ ጽፌአለሁ፤ «በአጋሮና በአካባቢዋ በቡና ለቀማ የተሰማሩ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴቶች የዐይን ጤና» ይላል። የሒሳብ መምህራችን አይተውት፥ ስንት ሴቶች ልጠይቅ እንዳሰብኩና ዕድሜአቸውን በምን እንደማረጋግጥ ጠይቀውኛል።